መጀመሪያ መርፌው ይንቀሳቀስ፣ እጀታው ይደርሳል

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አቋምና አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት።

አቋሜ ይሄ ነው። የባቡር ሲሙሌተር ላይ እውነተኛ ዕቃ ልግጠም የሚል ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው። ብረቱ ይማርካል፣ ቀጭ ሲል ደስ ይላል። እኔ ግን ከጌጁ፣ ማለትም ከመለኪያው ጀምሩ ባይ ነኝ። ጨዋታው ውስጥ ያለውን ቁጥር አውጥታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ መርፌ አንቀሳቅሱበት። እጀታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መርፌ ከሌለ እጀታችሁ የላከው ትእዛዝ ይድረስ አይድረስ በምን ታውቃላችሁ? ባቡር መኪና አይደለም፤ ፍሬን ስለያዛችሁ ወዲያው አይቆምም። ፍሬኑ የሚይዘው የአየር ግፊት ሲቀንስ ነው፤ መቀነሱም በፍሬን ቧንቧው ውስጥ ተጉዞ እስከ መጨረሻው ፉርጎ መድረስ አለበት። እጃችሁ ስራውን ከጨረሰ በኋላ ገና ብዙ ነገር ይካሄዳል፣ ያንን የሚነግራችሁ ጌጅ ነው።

ጥያቄዬ ደግሞ የሚከተለው ነው። ከተፈታ የአሜሪካ ስሪት ዲዝል ሎኮሞቲቭ የወጣ የስሮትል (የጉልበት መስጫ) እጀታ አግኝቻለሁ። አይድል (ጉልበት የማይሰጥበት ቦታ) አለው፣ ከዚያ ከ1 እስከ 8 ኖች፣ ማለትም ደረጃ። ውስጡ ፖቴንሺዮሜትር (ሲዞር ዋጋው የሚለወጥ ሬዚስተር) የሚባል ነገር የለም። እጀታው ሲንቀሳቀስ ካም (ጉብታ ያለው ጎማ) ያለበት ዘንግ ይዞራል፣ ካሙ ኮንታክቶችን (የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን) ይከፍታል ይዘጋል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚል ምልክት ያለባቸውን አራት ሽቦዎች አርዱኢኖ ሊዮናርዶ በሚባል፣ ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ገጠምኩ። ከ2 እስከ 8 ያለው ጥሩ ይነበባል። ኖች 1 ግን ሞቷል። እጀታው ቀጭ ይላል፣ ጨዋታው አሁንም አይድል ላይ ነኝ ይላል። ታብሌት ላይ ከምጫወተው ሲሙሌተር፣ ከኦፕን ሬይልስ፣ የማወጣቸው ፍጥነት፣ የፍሬን ቧንቧ ግፊትና የሞተር ዙር አሉኝ፤ ዙሩም ኖች 1 ላይ ንቅንቅ አይልም። ኮንታክቶቹን አጸዳሁ። ሽቦ ቀየርኩ። በስታኞ የተያዘውን ሁሉ ፈትቼ እንደገና ያዝኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

(የውይይቱ ክር ረዝሞ ወዲያ ወዲህ ስላለ፣ ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲመች የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ስለ እጀታው ምንም አላለም። በትህትና ሰላም ብሎ ታብሌቱ ላይ ያለው ነገር እንዴት እንደተሰራ ጠየቀ። ፕሮግራም መጻፍ አይችልም፤ ግን ቢያንስ ፍጥነቱን ከጨዋታው ስክሪን ውጭ ማየት ይፈልጋል። ይህን ጥያቄ መመለስ ደስ ይላል። ኦፕን ሬይልስ ነጻ ነው፣ ውስጡ ደግሞ የራሱ ዌብ ሰርቨር አለው። ከምርጫዎቹ ውስጥ ታበሩታላችሁ። ከዚያ እዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ ወይም ታብሌት ብሮውዘር ከፍታችሁ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻና ፖርት 2150ን መጻፍ ነው፣ አለቀ። አብረው የመጡ ዝግጁ ገጾች አሉ። ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ታብሌቱ ላይ እምቢ ካለ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ጠርጥሩ።

መልስ 2

ሁለተኛው ሬይልድራይቨር አለው። ለማያውቁት፣ ፒ.አይ. ኢንጂነሪንግ የሚሰራው በዩኤስቢ የሚገጠም የጠረጴዛ መቆጣጠሪያ ነው። አቅጣጫ መቀየሪያ አለው፣ ስሮትልና ዳይናሚክ ፍሬን በአንድ እጀታ ላይ፣ ሁለት የአየር ፍሬን እጀታዎች፣ ብዙ ቁልፎች፣ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ማሳያ። የሰውየው ሐሳብ ለስለስ ያለ ነው፤ እሱ ጋ እጀታውም ማሳያውም በአንድ ሳጥን ስለመጡለት፣ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ ለእሱ አልተነሳም። ልክ ነው። ነገር ግን ያ ሦስት አሃዝ በተለምዶ የሚያሳየው ፍጥነት ነው። አየሩን አያሳይም።

መልስ 3

ይሄኛው ሬይልድራይቨር የለውም፣ መንገዱን ግን ይጠቀምበታል። ትሬይን ሲሙሌተር ክላሲክ የሚባለው ጨዋታ ለዚያ ዕቃ ሲባል የተቀመጠ ዲኤልኤል ፋይል አለው። ከውጭ ያለ ፕሮግራም ፋይሉን ጠርቶ ዕቃው ተገጥሟል ብሎ ካሳወቀ በኋላ የእያንዳንዱን መቆጣጠሪያ ዋጋ ማንበብም መጻፍም ይችላል። ዕቃው ግን በቦታው የለም። እሱ በዚህ መንገድ የራሱን እጀታ አገናኝቷል። የስሮትሉን ተራ ቁጥር ኮዱ ውስጥ ጽፎ እንደጨረሰና ሌላው ሰውም እንዲሁ እንዲያደርግ መከረ።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምጹ ተቀየረ። አራተኛው ሰው ሦስተኛውን ሳያለሳልስ ነው ያረመው። የመቆጣጠሪያዎቹ ተራ ቁጥር ከሎኮሞቲቭ ሎኮሞቲቭ ይለያያል፤ አንዱ ላይ ስሮትል የነበረው ቁጥር ሌላው ላይ የመስታወት መጥረጊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሎኮሞቲቭ በተቀየረ ቁጥር ዝርዝሩን እንደገና አውጥቶ በስም መፈለግ ግዴታ ነው። ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋውንም ከዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አንዱ ስሮትል ከ0 እስከ 1 ሲሄድ ሌላው ከኔጌቲቭ ሊጀምር ይችላል። ደግሞም ዲኤልኤሉ በ32ና በ64 ቢት ለየብቻው ስላለ፣ ጠሪው ፕሮግራም ከራሱ ዓይነት ጋር የሚገጥመውን መምረጥ አለበት። ሲጨርስ ግማሽ እውቀት የሚያካፍሉ ሰዎች የሌላውን ቅዳሜና እሁድ እንደሚያቃጥሉ ጨመረበት። አነጋገሩ ከረር ቢልም የጻፈው በሙሉ ትክክል ነው። ሦስተኛውም በኋላ መጥቶ አመስግኖታል።

መልስ 5

ይሄ ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው። አቋሜ የተገለበጠ ነው ባይ ነው። እሱ እንደሚለው ጌጁን ጨዋታው ራሱ ስክሪን ላይ ስሎ ያሳያል፣ ያውም በደንብ። ስክሪኑ የማይሰጥህ ለእጅህ የሚከብደውን ብረት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎድለውን አሟላ፣ ያለህን ነገር ደግመህ ታብሌት ላይ አትሳል። ሰው ባቡር ለመንዳት ተቀምጦ ታብሌት ሲያይ ሐዲዱን እንደሚረሳም ጨመረ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሰደብ ሰደብ ትላለች፣ አልደግማትም።

መልስ 6

የራሴ መልስ ነው። በምሳሌ ነበር የመለስኩለት። የአሜሪካ የጭነት ባቡር የፍሬን ቧንቧው በብዛት 90 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ይሞላል። ሙሉ ሰርቪስ ፍሬን (ድንገተኛ ያልሆነውን፣ የተለመደውን ፍሬን እስከ መጨረሻው) ስትይዙ ወደ 64 ገደማ ይወርዳል። እጀታው የሚያዘው ግን ቧንቧውን በቀጥታ አይደለም። ኢኳላይዚንግ ሪዘርቭዋር የሚባል ትንሽ የአየር ታንክ አለ፤ መጀመሪያ የዚያ ግፊት ይወርዳል፣ ቧንቧው እሱን እየተከተለ ይወርዳል። ባቡሩ ረጅም ከሆነ ተከታዩ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ መርፌ ቀድሞ፣ ሌላው ሲጎተት ስታዩ በእጃችሁ ስንት ፉርጎ እንደያዛችሁ ይገባችኋል። ይህንን ስክሪኑ ጥግ ላይ ካለች ጣት ከምታክል ስዕል ማንበብ አይቻልም። ሐዲዱን እያየሁ ከዓይኔ ስር የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የምፈልገው።

መልስ 7

ዙሲ 3 የሚጠቀም ሰው ደገፈኝ። ይህ የጀርመን ሲሙሌተር ሲሰራ ጀምሮ ከውጭ ዕቃ ጋር እንዲነጋገር ታስቦ ነው የተሰራው። በቲሲፒ ፖርት 1436 ትገናኛላችሁ፣ ፕሮግራማችሁ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ቀጥሎ የሚፈልገውን ዳታ ይዘረዝራል፣ ከዚያ የጠየቀው ብቻ ይላክለታል። እሱ ሲፋ የሚባለውን የንቃት ፔዳል በዚህ መንገድ ገጥሟል። ፔዳሉ ተረግጦ 30 ሴኮንድ ከቆየ መብራት ይበራል፣ ከ2.5 ሴኮንድ በኋላ ድምጽ ይጮሃል፣ ሌላ 2.5 ሴኮንድ ካለፈ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ፔዳሉን ከመግጠሙ በፊት መብራቱን እንደገጠመ ነገረን። መብራቱ ባይኖር ኖሮ ፔዳሉ ይስራ አይስራ የሚያውቀው ባቡሩ በድንገት ሲቆም ብቻ ነበር። ለአምስተኛው ከእኔ የተሻለ መልስ ይሄ ይመስለኛል።

መልስ 8

ትሬይን ሲም ወርልድ በቅርብ እትሞቹ ኤችቲቲፒ ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም በኔትወርክ ዳታ የሚጠይቅበት በር) እንዳለው አንዱ አስታወሰ። ጨዋታው ሲነሳ በልዩ ትእዛዝ ይበራል። ጨዋታው አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ቁልፍ ያስቀምጣል፣ በየጥያቄው ያ ቁልፍ አብሮ ካልተላከ አይመልስም። ሰውየው ሁሉንም ዳታ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲጠይቅ ጨዋታው መንተባተብ ጀመረበት። ወደ 10 ጊዜ አወረደው፣ የሚፈልጋቸውን ስድስት ቁጥሮች ብቻ አስቀረ፣ በመካከል ያለውን የመርፌ ጉዞ ራሱ ብሮውዘሩ እንዲሞላው አደረገ። ለዓይን ልዩነት የለውም። እኔም በማግስቱ እንደዚያ አደረግኩ።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው ሊዮናርዶ ሳይሆን ኡኖ የሚባለው አርዱኢኖ ስላለው ይሰራለት እንደሆነ ጠየቀ። አስረኛው ባጭሩ መለሰለት። የሊዮናርዶ ቺፕ ዩኤስቢን ራሱ ስለሚናገር ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ ያየዋል። ኡኖ ግን እንዳለ ሲገጠም በሲሪያል ብቻ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ መካከል ላይ ቁጥሩን ተቀብሎ ለጨዋታው የሚያቀብል ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ያስፈልጋል። ለጌጅ ስራ ኡኖ በቂ ነው።

መልስ 11

ሦስት ሳምንት ያሰቃየኝን ነገር የፈቱት እኚህ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪክ ስራ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው። ረጅም ጽፈዋል፣ አንዱም ቃል አይጣልም።

ኖች 1 አልሞተም አሉ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የተባሉት አራት ሽቦዎች ስራቸው የሞተሩን ገቨርነር ማዘዝ ብቻ ነው፤ ማለትም ሞተሩ ስንት ዙር ይዙር የሚለውን። በዚህ ዓይነቱ ሎኮሞቲቭ ደግሞ አይድልና ኖች 1 በገቨርነሩ ዘንድ አንድ ናቸው። አራቱም ሽቦ ባዶ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የጄኔሬተር ፊልድ የሚባለው አምስተኛ ሽቦ ነው፣ ምልክቱ ጂኤፍ። ከኖች 1 ጀምሮ ይዘጋል፣ ጄኔሬተሩ ለጎታች ሞተሮቹ ኤሌክትሪክ መስጠት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ዙሩን አልጨመረም፣ ሎኮሞቲቩ ግን መሳብ ጀምሯል። ስለዚህ አራት ሽቦ ብቻ የገጠመ ሰው፣ የሚያየውም ጌጅ የዙር ጌጅ ብቻ የሆነ ሰው፣ ኖች 1ን በየትም በኩል ሊያገኘው አይችልም። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሁለተኛው ምክራቸው ስለ ኮንታክቶቹ ነው። እነዚያ ኮንታክቶች የተሰሩት ለ74 ቮልት ዲሲ ነው። አርዱኢኖ በውስጡ ባለው ፑል-አፕ ሬዚስተር በ5 ቮልት የሚያሳልፈው ከሚሊአምፔር ሩብ ያልበለጠ ነው። ይህ ኮንታክቱ ላይ የሚያዘውን ስስ ዝገት ሰብሮ ማለፍ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ዛሬ የተጸዳ ኮንታክት በወሩ እንደገና መቆራረጥ ይጀምራል። መፍትሔው 24 ቮልት በኮንታክቱ ማሳለፍ፣ ጥቂት ሚሊአምፔር እንዲሄድ ማድረግ፣ በመካከል ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ትንሽ ክፍል) አስገብቶ አርዱኢኖውን መጠበቅ ነው። የድሮውን ቮልቴጅ ለመመለስ ማንም እንዳይሞክር አጥብቀው አሳሰቡ።

መልስ 12

አንድ ወጣት ጋሼ ብሎ ጠራቸውና፣ ከቻሉ የሽቦዎቹን ሙሉ ሰንጠረዥ ቢጽፉለት ለመነ። ከኢንተርኔት ያገኛቸው ሁለት ሰንጠረዦች እርስ በርስ አልተስማሙለትም።

መልስ 13

ጻፉለት። ሰንጠረዡን በቃል እንዲይዘው ብለው ከነምክንያቱ ነው ያስረዱት። ኤ ዙሩን በ1 ደረጃ ያነሳል፣ ሲ በ2፣ ቢ በ4፣ ዲ ግን በ2 ይቀንሳል። ስለዚህ ኖች 2 ላይ ኤ ብቻ፣ 3 ላይ ሲ ብቻ፣ 4 ላይ ኤና ሲ። 5 ላይ ቢ፣ ሲና ዲ፣ 6 ላይ አራቱም። 7 ላይ ቢና ሲ፣ 8 ላይ ኤ፣ ቢና ሲ። ዲ ብቻውን ከተዘጋ ሞተሩ ይጠፋል። ደምሩት፣ ከ1 እስከ 7 አንድም ሳይዘለል ይወጣል። እነዚሁ ሽቦዎች ባለ 27 ሽቦ በሆነው ወፍራም ኬብል አልፈው ከኋላ የተቀጠሉትን ሎኮሞቲቮች ጭምር እንደሚያዝዙም አከሉ። አንድ እጀታ ሁሉንም የሚነዳው በዚህ ነው።

አራተኛው ሰው፣ ያ ከረር ያለው፣ እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ። ከ4 ወደ 5 ሲኬድ ኤ ይከፈታል፣ ቢና ዲ ይዘጋሉ፣ ግን ሦስቱ በአንድ ቅጽበት አይሆኑም። አርዱኢኖ ፈጣን ስለሆነ መካከል ላይ ያለውን የተሳሳተ ጥምረት ያነባል፣ ጨዋታው ውስጥ ስሮትሉ ወደ 3 ወይም ወደ 7 ዘሎ ይመለሳል። እውነተኛው ገቨርነር ከባድ ስለሆነ ይህን አይሰማውም። ስለዚህ ንባቡ ለ30 ሚሊሴኮንድ ሳይለወጥ ካልቆየ አትመኑት አለ። (ቁጥር ስላልሰጠው ከ13 ጋር አጣብቄዋለሁ።)

መልስ 14

አምስተኛው ተመለሰ። ጌጅ ይቅደም ብዬ ስከራከር የነበርኩት ሰው ጌጄ ራሱ እንዳሳሳተኝ በሁሉም ፊት አስታወሰኝ። ዙሩን እያየሁ ኖች 1 የለም ብዬ ደመደምኩ፤ ጌጅ ባይኖረኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት አላጠፋም ነበር ባይ ነው።

ግማሹን እቀበላለሁ። የተሳሳተ ጌጅ ነበር የመረጥኩት። ዙር ለማውጣት ቀላል ስለነበር አወጣሁት፣ ነጂው ምን ማየት እንዳለበት አልጠየቅኩም። በዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ጉልበቱን የሚያሳየው የጎታች ሞተሮቹ አምፔር ነው። ግማሹን ግን አልቀበልም። አምፔሩን አውጥቼው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ኖች 1ን ከኪቦርድ ሰጥቼ መርፌው ሲነሳ አይ ነበር፣ ከእጀታው ስሰጥ አለመነሳቱንም እንደዚሁ። ያኔ ችግሩ ከሽቦዬ እንጂ ከጨዋታው እንዳልሆነ በአምስት ደቂቃ አውቅ ነበር።

መልስ 15

አንዲት እህት ክርክሩን ትታ ወደ ስራው መለሰችን። የአምፔሩን ጌጅ በታብሌት ሳይሆን በእውነተኛ መርፌ እንድሰራው ሐሳብ አቀረበች። ሙቪንግ ኮይል የሚባለውን የድሮ ሜትር፣ ሙሉ ስፋቱ 1 ሚሊአምፔር የሆነውን ከተገኘ፣ በ5 ኪሎኦም ገደማ ሬዚስተር አርዱኢኖው ፒደብሊውኤም የሚያወጣበት ፒን ላይ መግጠም ብቻ ነው። ፒኑ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ መርፌው ግን ይህን ሊከተል ስለማይችል አማካዩ ላይ ይቆማል። የቁጥሩን ዝላይ ያለ ምንም ኮድ መርፌው ራሱ ያለሰልሰዋል። ፊቱን በወረቀት አትሞ መለጠፍ ነው። እሷ አራት እንዲህ ያሉ ጌጆች አሏት፣ የአንዷን ፊት ከእውነተኛ ሎኮሞቲቭ ፎቶ ላይ ለክታ ነው የሳለችው።

መልስ 16

ሌላው የመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ስቴፐር ሞተር መረጠ፣ ኤክስ 27.168 የምትባለውን። ወደ 315 ዲግሪ ትዞራለች፣ ለሙሉ ክብ ጌጅ ትመቻለች፣ ለአየር ግፊት በተለይ። አንድ ጣጣ አላት፤ የት እንዳለች አታውቅም። ስለዚህ በተነሳች ቁጥር ወደ ኋላ እስከ ማቆሚያው ተነድታ ከዜሮ መጀመር አለባት። በኮዱ በደንብ ካልተነዳች ደግሞ ትንጫጫለች። የእሱ በሌሊት ከጎረቤት ክፍል ትሰማ ነበር።

መልስ 17

ከመርፌ ድምጽ ወደ አየር ድምጽ አለፍን። አንዱ አጎቱ ባቡር ነጂ እንደነበሩ አወራን። ጠረጴዛው ጋ አስቀምጧቸው፣ ፍሬኑን ይዘው ዝም ብለው ጠበቁ። ጌጁን አላዩም። እጀታውንም አላዩም። ከቫልቩ የሚወጣውን አየር ነበር የሚያዳምጡት። ባቡሩ በረዘመ ቁጥር አየሩ ሲወጣ ይቆያል፣ እሳቸው የባቡሩን ርዝመት በጆሮ ነበር የሚለኩት። ጨዋታው ድምጹን ቶሎ ሲያቆምባቸው ፉርጎዎቹ ተቆርጠዋል ብለው ከወንበሩ ሊነሱ ነበር። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

መልስ 18

አንዱ ከርዕስ ወጥታችኋል ብሎ ተቆጣ፣ ስለ ድምጽ ሌላ ክር ይከፈት አለ። ሁለት ሰዎች መለሱለት፣ አንዱ ከሚገባው በላይ ጠንክሮ። እኔ አየሩን የማያካትት ዳሽቦርድ ምን ዓይነት ዳሽቦርድ እንደሆነ አይገባኝም፣ ስለዚህ እንዲቀጥል ጠይቄያለሁ።

መልስ 19

ሰባተኛው ከባድ ጥያቄ አመጣ። ጨዋታው ሲከፈት ስሮትሉ አይድል ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እጀታ ግን ትናንት የተተወበት ኖች 5 ላይ ነው። ማን ይታመን? እጀታው ከታመነ ባቡሩ ገና ሳትቀመጡ ይነሳል። የእሱ ፕሮግራም እጀታው የጨዋታውን ቦታ እስኪያገኘው ድረስ ችላ ይለዋል፣ ካገኘው በኋላ ብቻ ይታዘዘዋል። ለፍሬን ይህ ያስፈራዋል፣ ምክንያቱም በጭንቅ ሰዓት እጀታው ችላ የሚባል ከሆነ አደጋ ነው።

ጡረተኛው ባለሙያ መልሱን ከእውነተኛው ሎኮሞቲቭ አመጡ። እዚያ ድንገተኛ ፍሬን ከተያዘ ጉልበቱ ይቋረጣል፤ ነጂው ስሮትሉን ወደ አይድል ካልመለሰ አይመለስለትም። ስለዚህ ስሮትል ላይ ያንኑ ሕግ ተጠቀሙ አሉ፤ እጀታው አንድ ጊዜ አይድልን ካልነካ ምንም አይላክ። ፍሬን ላይ ደግሞ ጠንካራው ያሸንፍ፤ እጀታውና ጨዋታው ካልተስማሙ ይበልጥ የሚይዘው ይወሰድ። ሰባተኛው ተስማማ። አምስተኛውም ተስማማ፣ ያውም ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል።

መልስ 20

የእኔ ነው። ትናንት ማታ ሳጥኑን ከፍቼ ጂኤፍ የሚል ሽቦ ፈለግኩ። ነበር፣ በቆየ የጨርቅ ፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ ጎን ተገፍቶ። 24 ቮልት ሰጠሁት፣ አምስት ኦፕቶካፕለሮች አስገባሁ፣ 30 ሚሊሴኮንዱን ኮዱ ውስጥ ጨመርኩ። አይድልን ካልነካ አይላክ የሚለውንም። የ15ኛዋን እህት ሜትር ደግሞ ከአንድ የተጣለ የመለኪያ ዕቃ አውጥቼ አገናኘሁት፣ ፊቱ ገና አልተሳለም፣ የድሮው ቁጥር ነው ያለበት።

ኦፕን ሬይልስን ከፍቼ ረጅም የጭነት ባቡር መረጥኩ። ፍሬኑን አልለቀቅኩም። እጀታውን አይድል አስነክቼ ወደ 1 ገፋሁት። ቀጭ አለ። የሞተሩ ድምጽ አልተለወጠም፣ የታብሌቱ ዙር አልተለወጠም፣ ፍጥነቱ 0 ነው። መርፌዋ ግን ቀስ ብላ ከዜሮ ተነሳች፣ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ወደ አይድል መለስኩት፣ ወረደች። እንደገና 1፣ ተነሳች።